ጀልባዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ፉንዲ ጉዮ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከሞያሌ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ራዲያተሩ እያንጠባጠበበት አርባ ምንጭ ያለችው ሥራ ቦታዬ ገባ። ራዲያተሩን አውርጄ ውሃ ሞላሁበትና ላዩ ላይ ደቃቅ አመድ ነሰነስኩበት። ውሃ የሚያወጣው ቦታ ላይ አመዱ ይጠቁራል፤ ቀዳዳው እዚያ ነው ማለት ነው። ሾፌሩ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

«ይህን አመድ መነስነስ ማንያታ ሰፈር የነበረው ሽማግሌም ያደርገው ነበር» አለ።

«የቱ ሽማግሌ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ፉንዲ ጉዮ ነዋ! ሞተ እኮ። ብዙም አልተኛም አሉ።»

ቀና አላልኩም። የጠቆረውን ቦታ በጠመኔ ከበብኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ግን በርጩማዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ነፍስ ይማር ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልህ አለኝ።

በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ስለው ነው የኖርኩት። አሁን ስጽፍ ግን እጄ «እሱ» ይላል። አንባቢ እንደ ብልግና እንዳይቆጥርብኝ፤ የደረሰብኝን ሲሰማ ይፈርድልኛል።

ሞያሌ የቀረሁት በዘጠና ሦስት ዓ.ም. ነው። ረዳት ሆኜ የምሠራበት መኪና በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ባለቤቱ እዚያው ፈታትቶ ሸጠውና እኔን «በል ወደ አገርህ ግባ» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ባዶ እጄን እህቴ ዘንድ መመለስ አፈርኩ። ጥቂት ሳምንት የፍየልና የከብት መኪና እየጫንኩ ሰነበትኩ። አንድ ቀን አሠሪዬ የተበሳ በርሜል አሸክሞ ወደ ማንያታ ላከኝ። ከጭቃና ከቆርቆሮ በተሠሩት ቤቶች መካከል፣ ከላሜራ ክምር አጠገብ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ የክብሪት እንጨት እያኘከ ተቀምጧል። ሰፈሩ ሁሉ ፉንዲ ነው የሚለው፤ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። በርሜሉን ሳወርድ፣

«የት ነው የሚያፈሰው?» አለኝ።

«እዚህ ጋ ነው» ብዬ የረጠበውን አሳየሁት።

«እሱ ውሃው የወጣበት ነው። እኔ የጠየቅሁህ የገባበትን ነው» አለና ሳቀ። በርሜሉን ገልብጦ በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ። ቀዳዳውን እኔ ካሳየሁት ቦታ አንድ ክንድ ርቆ፣ በስፌቱ ውስጥ አገኘው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሥራ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «መያዝ ትችላለህ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ። በዚያው ሦስት ዓመት አብሬው ሠራሁ።

አማርኛውን የተማረው ከድንበሩ ኬላ ወዲያ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው፤ ኦሮምኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለ ይናገራል። ደስ ሲለው «ኢልማ ኮ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። ሥራ ሲያልቅ «ሳዋ» ይላል፣ ተስማምቷል ማለቱ ነው። ይህችን ቃል ግን በቀላሉ አይጥላትም። ድስት ይሁን ጀሪካን የጠገነውን ሁሉ ውሃ ሞልቶ ባለቤቱ ፊት አንድ ሰዓት ያስቀምጠዋል። ሴቶቹ ይጣሉታል፤ «ልጆቼ ይራባሉ፣ ስጠኝ!» ይሉታል። እሱ ፊቱን አዙሮ እንጨቱን ያኝካል። ሰዓቱ ሞልቶ ጠብታ ካልወጣ ብቻ «ሳዋ፣ ውሰጂ» ይላል።

አንድ ጊዜ የውሃ ቦቴ ያለው ነጋዴ መጣ። ከታች በኩል ስፌቱ ተሰንጥቆበታል፤ መኪናውን ግን በዚያው ቀን ሊሸጠው ነበር።

«ስቱኮ ለጥፍበትና ቀለም ቀባው። ገዢው እስኪሄድ ይያዝልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለው።

ፉንዲ መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔ እዘጋለሁ እንጂ አልደብቅም። የሚደብቅልህ ፈልግ» አለው። ሰውየው ዋጋውን እጥፍ አደርጋለሁ ቢልም አልሰማውም። ከብዙ ሥራው ይልቅ ያቺ ቀን ናት እኔን የገዛችኝ። ያለ አባት ነው ያደግሁት፤ አባት የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ሚስቱ ቃበሌ ምሳ ስታቀርብ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። እግሬ ላይ ላሜራ ወድቆ የቆረጠኝ ጊዜ ተሸክሞ ሐኪም ጋ የወሰደኝ እሱ ነው። ይህንን አልክድም። ሁሉም ተደርጎልኛል፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ጀልባዋ የመጣችው በዘጠና ስድስት ነው። የእህቴ ባል ዘለቀ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። እሱና ስድስት ጓደኞቹ ተሰባስበው፣ ኬንያ ውስጥ አንድ ሐይቅ ላይ ስትሠራ የነበረች ትንሽ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዙ። ጫሞ አዞ አለበት፤ ከእንጨት ታንኳ ወደ ብረት ጀልባ መሸጋገር ለእነሱ የነፍስ ጉዳይ ነበር። ታፈሳለች ሲባሉ «ግድ የለም፣ ማርቆስ ሞያሌ አለ» አሉ። ማርቆስ እኔ ነኝ።

በጭነት መኪና ተገልብጣ ማንያታ ስትገባ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሞያሌ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ በአህያ ተጭኖ የሚሸጥባት ከተማ ናት። «ጉዮ ባሕሩን መቼ ነው የምታመጣው?» እያሉ ሳቁበት። እሱ ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ጀልባዋን በአራት ጎማ ላይ ከፍ አድርገን አስቀመጥናት።

«ባሕር ስለሌለን ባሕሩን ከውስጥ እናደርገዋለን» አለኝ። «ከውጭ የሚያስገባው ቀዳዳ ከውስጥም ያወጣል።»

ሁለት ጋሪ ውሃ ገዝተን ክንድ እስኪያጠልቅ ሞላናት። ከዚያ ሁለታችንም ከሥሯ በጀርባችን ተኝተን ገባን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀስ በቀስ ሆዷ እንደ ሰው ያልበው ጀመር፤ እዚህ አንዲት ጠብታ፣ እዚያ አንዲት። እሱ ይጠራል፣ እኔ በጠመኔ እከባለሁ። ሃያ ሦስት ቦታ ከበብን። አብዛኛው ላሜራና ላሜራ የተያያዘበት፣ ሁለቱን የሚይዘው ምስማር፣ ሪቬቱ፣ የላላበት ነው። ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አለ። ስንጨርስ ከጎልቦ ቆላ ፍየል ይዞ የመጣ ዘመዱን ጠራና ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ ፍየሎቹን አጠጣበት። ፍየሎቹ ከጀልባ ሲጠጡ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እሱም ሲስቅ ዕንባው መጣ። እንዲያ ሲስቅ ሌላ ጊዜ አላየሁትም።

ሁለት ሳምንት ሠራናት። የላላውን ሪቬት እሱ ከውስጥ በመዶሻ ይመታል፣ እኔ ከውጭ ድፍን ብረት ደግፌ እይዛለሁ፤ ጭንቅላቱ ተጨፍልቆ ይጠብቃል። ያለቀለትን በድሪል አውጥተን በወፍራም እንተካለን። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በቀጭኑ በሳው፤ እንዲህ ካልሆነ ስንጥቁ መሮጡን አይተውም አለኝ። ከዚያ ማጣበቂያ ቀብቶ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለበሰው። ብረት ቡሎን ላስገባ ስል እጄን መታኝ፤ «አሉሚኒየምና ብረት ውሃ ውስጥ አይስማሙም፣ ይበላዋል» አለ።

የመካከለኛው መቀመጫ እንደ ሳጥን የተዘጋ ነው። ጀልባዋ ብትገለበጥም እንዳትሰምጥ ውስጡ ፎም ይሞላበታል። ሲያንኳኳው ድምፁ አላማረውም። ክዳኑን ከፍተን ስናይ ፎሙ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል። አውጥተን ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አሰጣነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ የከተማ ስዋሂሊ የሚናገር። ከፉንዲ ጋር ከጓሮ ቆመው ያወራሉ። ደንበኛ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የማሳለፊያ ወረቀት ለማስፈረም ወደ ኢትዮጵያ ወገን ላከኝ። ከሰዓት ስመለስ ጣሪያው ላይ የነበረው ፎም የለም። የመቀመጫው ክዳን ቦታው ተቀምጧል፤ ሪቬት ብቻ ነው የቀረው።

«ፎሙን መልሼዋለሁ» አለ። ከዚያ መዶሻውን በእጀታው በኩል ዘረጋልኝ። «ዛሬ አንተ ዝጋው።»

ደነገጥኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጨረሻውን መዝጊያ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። እኔ እይዛለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፤ የሚዘጋው ግን እሱ ነው።

«እርስዎ አይሻሉም?» አልኩት።

«እስከ መቼ እኔ? ዝጋ።»

ዘጋሁ። ሠላሳ ስምንት ሪቬት፣ አንድ በአንድ፣ እኩል እኩል አድርጌ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ መንገድ መንገዱን እያየ ተቀምጦ ነበር። ስጨርስ መጥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። «ሳዋ» አለ። «አሁን እጅህ ደርሷል፣ ኢልማ ኮ።»

ሮጬ ስልክ ቤት ሄጄ ለዘለቀ ደወልኩለት። ጀልባዋ አለቀች ከማለቴ በፊት «መቀመጫዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ነበር ያልኩት።

በማግስቱ ጠዋት መኪና ላይ ስንጭናት መካከሏ ከበደን። እንዲህ አልነበረችም። ፉንዲን ዞር ብዬ አየሁት።

«ፎሙ በደንብ አልደረቀም» አለ። «መንገድ ላይ ይደርቃል።»

ድስት ሰዓት ሳይሞላ የማይሰጥ ሰው ያልደረቀ ፎም ዘግቶ ላከ? ይህ ነገር አንድ ጊዜ አሳቤ ውስጥ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እኔ ነበርኩ ያጠፋሁት። እሱን መጠርጠር ራሴን እንደ መስደብ ሆኖ ተሰማኝ። ቃበሌ ለመንገድ የሚሆን ምግብ ቋጥራ ሰጠችኝ። እሱ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ቶሎ ለቀቀኝ።

ኬላውን አልፈን፣ ከኢትዮጵያ ሞያሌ ወጣ ብሎ ያለ መፈተሻ ላይ አስቆሙን። ፈታሿ ረጋ ያለች፣ ቁልፍ በእጇ የያዘች ሴት ነበረች። መኪናው ላይ ወጥታ በቁልፏ መቀመጫዎቹን አንኳኳች። የፊተኛው ባዶ ድምፅ ሰጠ። የመካከለኛው ድፍን ሆነባት። እንደገና አንኳኳችው።

«ይህ አዲስ ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ ትናንት ነው የታሸገው።»

«ማነው የሠራው?»

«እኔ።»

«አንተ ራስህ?»

«በገዛ እጄ» አልኩ። ደረቴ እንዴት ተነፍቶ እንደነበር አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች። አመሰገንኳት። ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ዞራ «መሮ አምጡ» ስትል ነው ያበድኩት።

«ኧረ እባክሽ እህቴ! ከተነካ ውሃ ያስገባል! ሐይቅ ላይ ሰው የሚሳፈርበት ነው!» እያልኩ ለመንኳት። ያቺ ሴት እያወቅሁ የማላውቅ መስዬ የምለምናት መስሏት ይሆናል። እኔ ግን የምለምነው ስለ ሠላሳ ስምንቱ ሪቬት ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ ላይ ላዩን ጥቂት ፎም ነበር። ከሥሩ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ አራት የዝሆን ጥርስ ቁራጭ ተደርድሯል።

መርማሪው «ማን ነው የሰጠህ?» ሲለኝ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የፉንዲን ስም አልጠራሁም። አንድ ሰው እሱን አታሎት ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ያ ሸሚዝ ለባሹ፣ እሱ ሳያውቅ አስገብቶበት ነው እል ነበር። በኋላ ስሙን ተናገርኩ፤ ሰምቶ ይመጣል፣ ያስረዳልኛል ብዬ። ጠበቅሁት። በር በተከፈተ ቁጥር እሱ ነው እያልኩ ቀና እል ነበር። ከወር በላይ ጠበቅሁት።

እሱ አልመጣም። በሽማግሌዎች ፊት የሰጠው ቃል ነው ተጽፎ የመጣው። ዘለቀ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ የወረቀቱን ግልባጭ አነበበልኝ። «ጀልባዋን ጠግኛለሁ። መቀመጫውን አልዘጋሁም። የዘጋው ማርቆስ ነው። የሰፈር ሰው አይቶታል።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱም ሐሰት የለበትም። ያን ጊዜ ነው ጀርባውን ሰጥቶኝ መንገድ ዳር የተቀመጠው ለምን እንደሆነ የገባኝ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲለው እኔ መዶሻ ይዤ፣ እሱ እጁ ባዶ እንደነበር እንዲያይለት ነው።

ዘለቀ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «በስልክ ያልከኝ ይህንኑ ነበር» አለኝ። «መቀመጫዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ አልከኝ።»

«ዘለቀ፣ እኔ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር።»

«ሦስት ዓመት አብረህ ሠርተህ? ከብዳ እንኳ አላወቅህም?»

ከብዳ ነበር። አውቄም ነበር።

ጀልባዋ ተወርሳ መፈተሻው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቀረች። ሰባቱ ሰዎች ወደ እንጨት ታንኳቸው ተመለሱ። እኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታሰርኩ። እህቴ በየጊዜው ስንቅ ትልክልኝ ነበር፤ ዘለቀ ግን ሁለተኛ አልመጣም።

ስፈታ ወደ አርባ ምንጭ አልሄድኩም። መጀመሪያ ድንበሩን ተሻግሬ ማንያታ ገባሁ። ፉንዲ ከላሜራው ክምር አጠገብ፣ የሰው ድስት እግሩ መካከል አድርጎ ተቀምጧል። አርጅቷል። ቀና ብሎ አየኝና ብዙ አልደነገጠም።

«መጣህ? ተቀመጥ» አለ። ቃበሌ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ ተመልሳ ገባች።

«ለምን እኔን?» አልኩት። በመንገድ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። «ጥርሱን ያመጡት ሰዎች እምቢ የሚባሉ አልነበሩም» አለ።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁዎት። ለምን እኔን?»

ከዚያ፣ እኔ ሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁ ይመስል፣ በቀስታ አስረዳኝ፦ «ብነግርህ ፊትህ ይናገርብህ ነበር። ሌላ ሰው ብልክ ደግሞ መንገድ ላይ ከፍቶ ያያል። አንተ ግን የእኔን ሥራ አትፈትሽም። አንተን ብቻ ነበር የማምነው።»

ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች ቃል የቆረጠኝ የለም። ልመታው እጄን አንስቼ ነበር መሰለኝ፤ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። አንገቱ ቀጥኖ የአሮጊት አንገት መስሎ ነበር። እጄን መለስኩ።

«እጅህ ደርሷል ያሉኝስ? እሱም ለዚህ ነበር?»

ድስቱን አገላብጦ ማየት ጀመረ።

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ» አልኩት። «ለመንግሥት አይናገሩ። ለፖሊስ አይናገሩ። የእህቴን ባል በስልክ ላገናኝዎት። ማርቆስ አያውቅም ነበር ይበሉልኝ። ይህችን ብቻ። ታስሬ ወጥቻለሁ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።»

«ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ነገ ና።»

በማግስቱ ሄድኩ፤ «ዛሬ ደረቴን አሞኛል፣ ነገ» አለኝ። ደግሜ ሄድኩ፤ ሰው በዝቶበት ነበር፣ በእጁ ነገ ብሎ ምልክት ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታው ተዘግቶ አገኘሁት። ቃበሌ በሩን ገርበብ አድርጋ «ወደ ጎልቦ ሄዷል፣ ዘመዶቹ ጋ» አለችኝ። «መቼ ይመለሳል?» ስላት አለቀሰች። መልሱ ያ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

የምበላው እሱ ካስተማረኝ እጅ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ የአሉሚኒየም ጀልባ ሲያፈስ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ከውስጥ ውሃ እሞላለሁ፣ ከሥሯ እተኛለሁ፣ በጠመኔ እከባለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው። አንድም ቀን እጃችሁ ደርሷል ብያቸው አላውቅም። ንፉግ ነው ብለው ያሙኛል፤ ልክ ናቸው። የዘጉትን ሳጥን ሁሉ እኔ ከፍቼ አያለሁ፤ በዚህም ይቀየሙኛል።

ሾፌሩ የሞቱን ወሬ በነገረኝ ዕለት፣ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዘለቀ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይሰፋ ነበር። ለእህቴ ስል ከታረቅን ቆይተናል፤ በዓል አብረን እንውላለን፣ እንሳሳቃለን። የጀልባዋ ነገር ግን በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም።

«የሞያሌው ፉንዲ ሞተ» አልኩት።

መርፌውን አቆመ። «እግዚአብሔር ይማረው» አለ። ለእኔ አልወጣልህ ያለኝ ቃል ለእሱ በቀላሉ ወጣለት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ሳያየኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንግዲህ ሰውየው ሞቷል» አለ። «ከእንግዲህ ማንም አይከስህም፤ አንተም ማንንም አታስይዝም። እኔም ከተውኩት ቆየሁ፣ አልቀየምህም። እውነቱን ንገረኝና ይለይልን። ታውቅ ነበር፣ አይደል?»

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ ሰው ትንሽ ልጁ ሲዋሸው እንደሚያየው ነው ያየኝ። «እሺ፣ ማርቆስ» አለና መርፌውን አንስቶ ወደ መረቡ ተመለሰ።